ለማንም ሳንነግር የሄድንበት ባሕር

በሥራ ምክንያት በማርፍባቸው ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚደረደሩትን የጎብኚዎች ወረቀቶች አንስቼ ስገልጥ፣ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ሽታ ከሆቴል ሳሙና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ በዓይኔ ላይ የሚሄደው ያለሁበት ከተማ ሳይሆን የእናቴ ጥቁር የትከሻ ቦርሳ ነው። እናቴ ዳውንታውን ዴንቨር በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። እንግዶች ጥለዋቸው የሚሄዱትን ወረቀቶች እየለቀመች፣ ከትናንሽ ሳሙናዎች ጋር በቦርሳዋ ከትታ፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ይዛ ኦሮራ ወደሚገኘው አፓርታማችን ትመጣና «በይ አንብቢ፣ ነፃ ነው» እያለች ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፍልኝ ነበር። ማንበብ የጀመርኩት በተረት አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች በሄዱባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በረዶው የመኪና ማቆሚያችን ዳር በተከመረበት ወራት፣ ከወረቀቶቹ መካከል አንዱ በካሊፎርኒያ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ የባሕር መዝናኛ ከተማ ሆኖ ተገኘ። በመካከለኛው ገጽ «የሚታዩና የሚደረጉ ነገሮች» በሚል ርዕስ ሥር ዘጠኝ ነገሮች ተዘርዝረው ነበር፦ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ረጅም የእንጨት ድልድይ፣ ውሃው ሲሸሽ በዐለቱ ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀሩ ኮከብ ዓሦች፣ የባሕር አንበሶችን ለማየት የምትወስድ ጀልባ፣ አሮጌ የመብራት ማማ፣ ሌሎችም። ዘጠኙንም በቅደም ተከተል በቃሌ አጠናኋቸው፤ ታናሽ እህቴ ሩት ስድስት ዓመቷ ስለነበር፣ ከመተኛታችን በፊት እየጠየቀችኝ ሳልሳሳት እመልስላት ነበር።

አባቴ ምጽዋ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ የተማረ ኤርትራዊ ሲሆን፣ ዳውንታውን በሚገኝ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለ ልጅነቱ አይናገርም። ስለ ባሕር ስጠይቀው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ጥርጥር በሌለው ድምፅ ይነግረኝ ነበር። «ባሕር ማለት ለብ ያለ ነው። ስትገቢ ገላሽ መግባትሽን አያውቅም።»

በዚያው ዓመት የሙቀት ወራት ሁለቱም እንደምንም የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኙ። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሐሙስ እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች የጸሎት ቡድን መካከል ቆማ ስለ መንገዳችን እንዲጸለይልን ጠየቀች፤ ይህ በእኛ ዘንድ የማይታለፍ ነው፣ ያልተጸለየለት ጎማ አይንከባለልም። ለጸሎት ርዕስ ሲሰጥ ደግሞ የምንሄድበት ከተማ ስም ይጠራል። ከ«አሜን» በኋላ ሻዩ ሳይቀዳ እህት ትዕግሥት የምትባለው ሴት፣ የእናቴ የአዲስ አበባ ጎረቤት የነበሩት እትዬ ብርቄ በዚያችው ከተማ እንደሚኖሩ አስታውሳ ስልክ ደወለችላቸው። ጉዟችን ያን ሰዓት አልቆ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳን።

በከተማዋ የቆየነው ሦስት ቀን ነው፤ የገባነው ስድስት ቤት ነው። የእትዬ ብርቄ ቤት፣ የእትዬ ብርቄ ማኅበርተኞች ቤት፣ «እነሱ ቤት በልታችሁ እኛን ልትዘሉ ነው?» የሚሉ ሰዎች ቤት፤ በየቤቱ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና «ስሞትልሽ ይቺን ብቻ» የሚለው ጉርሻ አንድ ዓይነት ነበሩ። የእትዬ ብርቄ ባለቤት ጋሽ መርዕድ በየጠዋቱ ፊቴን አይተው ይስቁና «ባሕሩ የት ይሄዳል? ነገ ትሄጃለሽ። ዛሬ እነ አበበ ቤት ምሳ ተሠርቷል» ይሉኝ ነበር። ባሕሩን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ከአንዱ ምሳ ወደ ሌላው ምሳ ስንሄድ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ እስከ አራት ለመቁጠር በሚበቃ ጊዜ ነው። «ዋዝ ዛት ኢት?» አለች ሩት፤ «ያ ነበር እንዴ?» ማለቷ ነው።  ወላጆቼን ያን ጊዜ አልወቀስኳቸውም፤ የወቀስኳቸው በኋላ ነው፣ ወቀሳዬም እስከ ዛሬ በመረጃ የተደገፈ ነው። ሁለት የደከሙ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ያገኙትን ዕረፍት፣ ሌሎች እንዳይቀየሙ ሲሉ ማንኪያ በማንኪያ በልተው ጨርሰውታል።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ትምህርት ቤት ተመለስን፤ መምህርቷም በዕረፍቱ ወራት ያየነውን በክፍሉ ፊት ቆመን እንድንናገር ጠየቀችን። እኔ ያየሁት ስድስት ሶፋ ስለነበር ዘጠኙን ነገሮች በቅደም ተከተል አቀረብኩ። ጥሩ አቀረብኩ። ያንን ባሕር ከአያቶቹ ጋር በየዓመቱ የሚያየው አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ውሃውስ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም በአባቴ ድምፅ፣ በአባቴ እርግጠኝነት፣ «ለብ ያለ ነው» አልኩት። ልጁ ሳቀ፣ ቀጥሎ የሚያውቁት ሳቁ፣ ቀጥሎ የማያውቁትም ሳቁ። ያ ውሃ በሐምሌም ቢሆን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቅዝቃዜ እንዳለው በዚያ ክፍል ውስጥ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማታ ለወላጆቼ ነገርኳቸው። አባቴ ሹካውን አስቀምጦ «ባሕር እንዴት ይቀዘቅዛል?» አለ፤ ጥያቄው የእውነት ነበር። ከአንድ ባሕር በቀር ገብቶ አያውቅም። እናቴ ዕቃ እያጠበች ፊቷን ሳታዞር «ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ውሸታም አሉኝ» አልኳት። ቧንቧውን ዘጋችው።

በረዶው መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ጉዳዬን አዘጋጀሁ። ፀደይ ላይ ወደዚያችው ከተማ እንደገና የመሄድ ነገር ሲነሳ፣ ለማንም የማይነገር ካልሆነ እንደማልሄድ አሳወቅኳቸው።

«ሳይጸለይማ ከዚህ በር አንወጣም!» አለች እናቴ።

«ይጸለይ። የከተማው ስም ግን አይጠራ። እግዚአብሔር ከተማውን ያውቀዋል፤ እህት ትዕግሥት የግድ ማወቅ አለባት?»

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። እናቴ ግን ረጅም ጊዜ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ እግዜር ለፍርድ ቤት ነው የፈጠረሽ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ጠበቅኩ። እናቴ ቆመች፤ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፣ ያን ዕለትም አልዋሸችም።

«ለመንገዳችን ጸልዩልን» አለች።

«ወዴት ነው፣ አልሜ?» አለች እህት ትዕግሥት ወዲያው።

«ወደ ምዕራብ።»

«ምዕራብ የት?»

«ተራራውን ተሻግሮ።»

«ዩታ?»

«ዩታንም እናልፋለን።»

«ኧረ ተያት፣ ጌታ ያውቀዋል!» አለች አንዲት ሌላ ሴት፤ ተሰብሳቢዎቹም ዓይናቸውን ጨፍነው «ወደ ምዕራብ ለሚጓዙት» በማለት በታላቅ ድምፅ ጸለዩልን። እህት ትዕግሥት አንድ ዓይኗን እንዳልጨፈነች አይቻለሁ፤ እኔም አልጨፈንኩም ነበርና።

ጎህ ሲቀድ ተነስተን ተራራውን ወጣን፣ ዩታ አድረን፣ በረሃውን በማግስቱ አቋርጠን፣ ከተማዋ ስንደርስ ጨልሞና ጭጋግ ወርዶ ስለነበር ባሕሩን ሳናይ ሞቴል ገብተን ተኛን። ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ወረቀቴን አጥፌ ይዤ፣ ማንም ሳይቀድመኝ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። የባሕር ዳሩ መኪና ማቆሚያ ስንደርስ አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ቲኬት ሊሰጠን ወደ አባቴ መስኮት ጎንበስ አለ። ጋሽ መርዕድ ነበሩ። በሠራሁት ዕቅድ ውስጥ የነበረው አንድ ቀዳዳ ይህ ነው፤ መኪና ማቆሚያ ላይ የአገር ሰው እንደማይጠፋ፣ አባቷ የዚያው ሠራተኛ የሆነ ልጅ ከማንም በፊት ልታስበው ይገባ ነበር።

«አቶ ተስፋይ?» አሉ። «የኮሎራዶ ታርጋ ሳይ እንደው ልቤ... መቼ ገባችሁ?»

«ማታ» አለ አባቴ፣ መሪውን እያየ።

«የት አደራችሁ?»

«ሞቴል።»

«ሞቴል» ብለው መርዶ እንደሰማ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያም ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ሳለ ስልካቸውን አውጥተው ቤታቸው ደወሉና በመስኮቱ አስገቡልን። የእትዬ ብርቄ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«አልሜ! እኔ ቁጭ ብዬ ሞቴል? ምን በደልኩሽ? ሰው ምን ይለኛል? አሁኑኑ ኑ፣ ቁርስ እያቀረብኩ ነው፤ ለምሳ ደግሞ እነ አበበን እጠራለሁ!»

ሁሉም እንዳበቃ አወቅኩ። ወረቀቱን አራት ላይ አጠፍኩት። እናቴ በሕይወቷ የአንድም ሰው ጥሪ እምቢ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩን ተቀብላ፣ የሆቴል አንሶላ በምትወጥርበት ጊዜ በሚኖራት ፊት፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ብርቄ፣ አንመጣም።»

«እ?»

«ቤትሽ ቤቴ ነው። ግን ልጄ አምና ባሕር ልታይ መጥታ፣ ጣቷን እንኳ ሳትነክር ተመልሳ፣ ትምህርት ቤት ውሸታም ተባለች። ዛሬ ከዚህ አንነሳም። ከናፈቅንሽ ድስትሽን ይዘሽ አንቺ ነይ።»

«የት? ባሕር ላይ?»

«ባሕር ላይ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቴ በሹክሹክታ «ተቀየመች» አለ። እናቴ ስልኩን ለጋሽ መርዕድ መልሳ፣ ቀበቶዋን ፈትታ፣ የመኪናውን በር ከፈተችና «ትቀየም» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተዋጣላቸው ንግግሮች አዳምጫለሁ፤ ከዚያች አንዲት ቃል የሚስተካከል አልሰማሁም።

አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ወደ ውሃው ገሰገሰ፤ እስከ ጉልበቱ እንደገባ «ኧረ! ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኾ ዘለለ። እኛም ገባን። ውሃው ለብ ያለ አልነበረም፤ እግሬን እንደ ቢላዋ ቆረጠው፣ እኔም በደስታ ጮኽኩ፣ ምክንያቱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው የራሴን ነበር። አባቴ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለትልቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ «ይቅርታ። እኔ የነገርኩሽ የሌላ ባሕር ነው» አለኝ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እትዬ ብርቄ መጡ። ሦስት ድስት በፎጣ ጠቅልለው፣ እነ አበበንና አምና ከገባንባቸው ስድስት ቤቶች የአራቱን ሰዎች አስከትለው፣ ጫማቸው በአሸዋው እየሰመጠ፣ ኩርፊያቸውን ፊታቸው ላይ እንደተሸከሙ መጡ። እናቴ ተነስታ ሳመቻቸው፤ ሲያለቅሱ እሷም አለቀሰች፤ ድስቶቹም ተከፈቱ። ከበላን በኋላ እትዬ ብርቄ ወደ ውሃው እያዩ «እውነት ገባሽበት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እርስዎስ ገብተው አያውቁም?»

«እኔ? አሥራ አንድ ዓመቴ እዚህ። ጊዜ የት አለና፣ እንግዳ ስቀበል፣ እንግዳ ስሸኝ።»

ወረቀቴን ዘርግቼ ዘጠኙን ነገሮች አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «ይሄ ሁሉ እዚህ አለ?» አሉ፤ ሌሎቹም ተጠግተው ያዳምጡ ጀመር። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላው ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨብጠው ገቡ፤ «ወይኔ ልጄ፣ በረዶ ነው እኮ!» ብለው ሲጮኹ ከኋላ የቀሩት ሁሉ እየሳቁ ጫማቸውን አወለቁ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የቀሩትን ጨረስን፤ በረጅሙ የእንጨት ድልድይ ላይ በሰልፍ ሄድን፣ ኮከብ ዓሦቹን ለማየት ተንበረከክን፣ ጀልባዋን እኛ ብቻ ሞላናት፣ ጋሽ መርዕድም የባሕር አንበሶቹን አይተው «እነዚህን ውሾች ማን ነው እዚህ ያሰራቸው?» አሉ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለነዋሪዎቿ ከተማቸውን ያስጎበኘሁ እኔ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ከዘጠኝ።

ዛሬ የምሄድባቸው የባሕር ከተሞች ብዙ ናቸው። ለጉባኤ እጠራለሁ፣ ጽሑፌን አቀርባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ወጥቼ የሚታየውን ሁሉ በቅደም ተከተል አያለሁ፤ አንድም ሳላጎድል፣ በሰዓቱ እጨርሳለሁ። ስመጣ የሚያውቅ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጦ ቀኔን የሚበላብኝ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፣ ሙሉ በሙሉም አግኝቼዋለሁ። ባሕሩ ዳር ስቆም ውሃው ሲነካኝ አልጮኽም፤ ወደ ኋላዬም ዞሬ ማን ጫማውን እያወለቀ እንደሆነ አላይም፤ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ፤ በዚያች ከተማ ውስጥ በእኔ የተቀየመ አንድም ሰው አይኖርም።