የእትዬ ይታይሽ ደጃፍ ፎቅ ላይ አይወጣም

«ማኅበሩ የያዘውን የመንገድ ዳር ክፍል ለቆ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይዛወር። ደረጃ መውጣት ለማይችሉ አባላት የሚሸከም ሰው ይመደባል።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። ደብዳቤው ከሕንፃው አስተዳደር ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ለእትዬ ይታይሽ የደረሳት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ጠዋት እሷ የለችም።

አላመንኩም። የወንድሟ ልጅ ደውላ «አክስቴ አለፈች» ስትለኝ «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቆይቼ መልሼ ደወልኩና «ምንድን ነው ያልሽኝ?» አልኳት። ያንኑ ደገመችልኝ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው አለችኝ። አሁንም «እሺ» አልኩ።

እንባ አልመጣልኝም። ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

ደብዳቤው ገደላት አልልም። ሐኪሞቹ ልቧ ነው ብለዋል፤ እነሱ ያላሉትን አልጨምርም።

ለማታውቋት፦ እትዬ ይታይሽ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። የልጅነት ልምሻ ሁለቱንም እግሮቿን ይዞባታል። በጃንሆይ ዘመን ወንድሟ ወደ ጎንደር አምጥቷት፣ አራዳ ውስጥ በአባቴ የልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

ወንድሟ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ሳንቃ ላይ አሮጌ የመኪና ኩሽኔታ እንደ ጎማ ገጥሞ መሄጃ አበጀላት። እዚያ ላይ ተቀምጣ አስፋልቱን በእጆቿ እየገፋች ትመጣለች። ኩሽኔታው አስፋልት ላይ ሲንኳኳ ከሩቅ ይሰማል። አባቴ ቀና ሳይል «መጣች፤ ክሯን አውጡላት» ይል ነበር።

ያኔ ለብዙ ሰው መሬት ላይ የተቀመጠ ሁሉ ለማኝ ነበር። መርፌው እጇ ላይ፣ ቀሚሱ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ እያለ እንኳ አላፊ አግዳሚው «ስለ ማርያም» ብሎ ሳንቲም ይጥልላታል። እሷ አትቆጣም። ሰውዬው ጥቂት ራቅ እስኪል ትጠብቅና ትጮኻለች።

«አያ! ኧረ አያ! ሳንቲም ወድቆብዎታል!»

አንድ ቀን አንዱ ተመልሶ «የኔ አይደለም» አላት።

«ምነው፣ ከእጅዎ ሲወድቅ አየሁት እኮ! ያንሡት እንጂ፣ ሰው ይረግጥብዎታል።»

በረንዳው ሁሉ እያየው ጎንበስ ብሎ አነሣና ሄደ። አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ «ይታይሽ፣ ደንበኛ እያባረርሽብኝ ነው» አላት።

«ኧረ አመጣሁልዎ እንጂ! ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ተተርትሯል።»

ግን የእሷ ጎንደር አስፋልቱ ሲያልቅ ያልቅ ነበር። ኩሽኔታ በድንጋይና በአፈር ላይ አይሄድም። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። በአንድ የማርያም ዕለት አባቴና እኔ ከኋላዋ ስንደርስ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከማክሰኝት የመጡ ሰዎች ከበዋታል። አንዱ ጎልማሳ በርከክ ብሎላታል።

«ነይ ላዝልሽ፣ እህቴ።»

«አያ፣ ቢያዝሉኝ እደርሳለሁ። ሲያወርዱኝስ?»

«መልሼ አመጣሻለሁ።»

«የሚመጣው ማርያምስ?»

ሰውዬው ተነሥቶ ቆመ።

«እኔን ተዉኝና ድንጋዩን አንሡልኝ» አለችው።

ሳቁባት። ከዚያ ያው ሰውዬ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ዳር ወረወረ። ሌላው ተከተለው። አባቴም ነጠላውን አደግድጎ ገባበት። የዚያን ዕለት አልደረሰችም፤ መንገዱ ሳያልቅ ቅዳሴው ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎ የኩሽኔታዋ ድምፅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ይሰማ ጀመር።

«እኔን ተዉኝና ድንጋዩን አንሡልኝ» የሚለውን ንግግሯን ዕድሜ ልኳን አልለቀቀችውም። ማኅበሩ ሲቋቋም ከዚህ የሰፋ ክፍል ተሰጥቷት ነበር፤ በሩ ላይ አንድ እርከን ስላለ ብቻ እምቢ አለች። ይህኛውን የመረጠችው ደጃፉ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ነው። እዚህ ክራንች ይሠራል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ይጠገናል። ከእንፍራንዝ፣ ከማክሰኝት ሰዎች ከአውቶቡስ ወርደው በእጃቸው እየዳሁ ይገባሉ። ሲወጡ በወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ከሰው ዓይን ጋር እየተገናኘ ነው።

አሁን የተፈለገው ይህ ክፍል ነው። ለምን እንደተፈለገ ደብዳቤው አይገልጽም። የተሽከርካሪ ወንበር መጠገኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ! የፈረመው ሰው ፊርማውን ሲያኖር ምን ያስብ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ የተሰበረ ወንበር ወይም ያለ ሥራ የተቀመጠ ክራንች ካለ አምጡልን። በየጓዳው የተቀመጠ፣ ፀሐይ የማያይ ሰው ካወቃችሁ ንገሩን። ለቀብር የምትመጡ ደግሞ ስትመለሱ በአራዳ በኩል እለፉና ደጃፉን በዓይናችሁ እዩት። ከዚያ የሕንፃውን አስተዳደር እናንተም ጠይቁ።

እትዬ፣ ደብዳቤውን ሳነብልሽ መርፌሽን እንኳ አላቆምሽም። «የሚሸከመን ማን እንደሆነ ስሙን ይጻፉልን እስቲ» አልሽና ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም አልሳቅኩም፤ አላለቀስኩምም። ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም።

ክፍሉን ጠዋት ከፍተነዋል። ከእንፍራንዝ የመጣች አንዲት ሴት የወንበሯ ጎማ እስኪገጠም ተቀምጣ ነበር። አለመኖርሽን ማንም አልነገራትም። ተገጥሞላት ሄደች።

የሕንፃው አስተዳደር ክፍሉ ለማኅበሩ ይቆያል ወይስ አይቆይም የሚለውን እስከ አርባሽ ዕለት ድረስ ፈርሞ በጽሑፍ እንዲመልስ በስምሽ ጠይቄያለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም።

በሰላም ሂጂ፣ እትዬ። እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ።