ሦስት ስንዝር አፍ ያለው ምድጃ

ወለላ ንፋስ መውጫ ከተማ ድንች እየቸረቸረች ትኑር እንጂ የምትኮራው በድንቿ አልነበረም። ምሽት ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰበሰበው እሷ ቤት ነበር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት አገር ሰው የሚሞላው ቤት ትልቅ ቤት ነው። ይህ ክብር አሥራ ሁለት ዓመት ጸንቶ ኖረ። ከዚያ የሻረግ የምትባለው ጎረቤቷ ምድጃ ገዛች።

ግድግዳ የምትጋራት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ምድጃዋ የብረት ነው፤ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ይተፋል፣ እሳቱ በአፉ ይታያል። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ እግሩን ወደዚያ አዞረ። ይባስ ብሎ የወለላ ባል አማረ «የዚህ ቤት ጭስ ዓይኔን አጠፋው» እያለ ጋቢውን ተከናንቦ ውልቅ ማለት አመጣ። ወለላ እርር ድብን አለች።

አንድ ምሽት ባሏን ልትጠራ ብላ የሻረግ ቤት ገባችና እሳቱን አየችው። ነበልባሉ ከባሕር ዛፉ ጉማጅ ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቢጫው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ደስ አላት። ደስ ማለቱ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

በማግስቱ ብረት በያጁ ክንዱ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ወለላ፣ ይኸኛው ይሻልዎታል» አላት፣ መዝጊያው ድፍን የሆነውን እያሳያት። «እንጨት አይበላም።»

«እሳቱ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ምን ሊሆነኝ? የሻረግ ምድጃ አፉ ስንት ነው?»

«ሁለት ስንዝር።»

«የኔን ሦስት አድርግልኝ፤ መዝጊያውንም ፍርግርግ።»

«እንጨት አይበቃዎትም እኮ!»

«ሰው ይበቃኛል።»

እውነትም ሰው ተመለሰ። አማረም ጋቢውን አውልቆ ቤቱ ተቀመጠ። የሻረግ ራሷ አንድ እቅፍ ደረቅ ፍልጥ ይዛ መጣችና «እሰይ፣ ከኔው ይልቅ ያምራል!» አለቻት። ምነው ትንሽ እንኳ ቢከፋት! ወለላ የጠበቀችው የተኮሳተረ ፊት ነበር። አማረ ጠጋ ብሎ ለየሻረግ ቦታ ሲለቅላት ስታይ ደግሞ ያ ሁሉ ድል አፏ ውስጥ መረረ።

ሐምሌ ነውና ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት አማረ ከወጣ በኋላ የሻረግ ገል ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ወለላዬ፣ ዝናቡ በቱቦው ገብቶ ያዳፈንኩትን እሳት አጠፋብኝ። ክብሪቱም ረጥቧል። እስቲ እሳት ጫሪልኝ።»

በዚያ አገር ጨው የከለከለ ይታማል፤ እሳት የከለከለ ግን ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ወለላ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ምላሷ ቀደማት።

«ውይ፣ የኔም ጠፍቶ አደረ!»

የሻረግ በወለላ ትከሻ ላይ አሳልፋ ወደ ውስጥ አየች። ሦስት ስንዝሩ አፍ ቦግ ብሎ ይነድዳል፤ ብርሃኑ በፍርግርጉ አልፎ የወለላን ነጠላ ጫፍ ሳይቀር አቅልቶታል።

«ይሁን» አለች የሻረግ፣ ባዶ ገሏን ይዛ በዝናቡ ተመለሰች።

ቀኑን ሙሉ ወለላ ሐሜቱን ጠበቀች። ማንም ምንም አላለም። ብትሰደብ ይቀላት ነበር፤ መልስ አዘጋጅታ ነበርና። ሲመሽ ሰዉ እንደ ልማዱ መጣ፣ የሻረግ ብቻ ቀረች።

«የሻረግ ምነው?» አለ አማረ።

«እኔ ምን አውቄ? አሟት ይሆናል።»

«ስገባ በቱቦዋ ጭስ አላየሁም። በዚህ ብርድ እሳት አጥታ ይሆናላ! አንቺስ እንዴት ብቅ ብለሽ አታያትም?» አለና ተነሣ፤ ከምድጃው ደህና ደህናውን ፍም በገል ጭሮ፣ በእጁ ከነፋስ እየከለለ ወጣ።

ወለላ ልታስቀረው ብድግ አለች፤ የሻረግ የጠዋቱን ብትነግረውስ? እንግዶቹ ስለ እሳቱ ማማር ያወራሉ። እሷ በሩን ታያለች።