ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ

የኮምፒውተር ባለሙያው ሊፈታው የተነሣው ችግር፣ ጅግጅጋ ያር በተባለው ሰፈር ባለው ክሊኒክ አንድ የታካሚ ካርድ ፍለጋ ግማሽ ቀን መፍጀቱ ነበር። ሐኪሞቹ ከየክፍላቸው የሚከፍቱት ሲስተም ሠራና ካርድ በደቂቃ ይገኝ ጀመር። ካርድ ክፍል የምትሠራው ፈዲላ ስሙን እንኳ ሳትጠይቅ «ኢንጂነር» አለችው።

ከቅዳሜ ወዲህ ግን የሚገባው በጓሮ በር ነው። የተተኮሰ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ሰላም ይላል። ሲስተሙ ሰውን የሚለየው በስምና በልደት ቀን ነበር፤ እዚህ ደግሞ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት እኩያ ሞክሼ እናቶች በአንድ ካርድ ገቡ፤ አንደኛዋ የሌላዋን የስኳር መድኃኒት ስትውጥ ሰንብታ ቅዳሜ ዕለት ራሷን ሳተች።

«ሳትሞክረው ነው እንዴ የሰጠኸን?» አለችው ፈዲላ።

«ሞክሬዋለሁ፣ እህቴ። አምስት ስም ፈጥሬ። አምስቱም የማይመሳሰሉ ነበሩ።»

«ያንተስ ልደት መቼ ነው?»

ስደተኞች ካምፕ ውስጥ የተወለደው ኢንጂነር ጆሮው ድረስ ቀላ። «ጃንዋሪ አንድ» አለ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሞክሼዎችን አስገብቶ ሲስተሙ ይለያቸው እንደሆነ የሚፈትሽ ሙከራ ጻፈ። ሙከራው በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ወደቀ፤ መውደቅም ነበረበት፣ አለዚያ ጥፋቱን አላገኘውም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱን ቁጥር ሲሰጥ ሙከራው አለፈ። አስቀድሞ የተደባለቀውን ግን ማሽን አይለየውም፤ የትኛው ምርመራ የእሷ እንደሆነ የምታውቀው ራሷን ስታ የነበረችው ሴትዮ ናት። ስለዚህ ባዶ ካርድ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ከየት ጀምሮ እንደሚነግራት እያሰበ።