ዳኛውን የመረጠው አናጢ

ሰኔ መባቻ ላይ ነበር፤ ወይስ ግንቦት ገና አልወጣም ነበር? ጎሚስታው ዛሬም እርግጠኛ አይደለም። የሚያስታውሰው፣ ጓደኞቹ ሱቁ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው በቴሌቪዥን የሬስሊንግ ትግል ሲጠብቁ፣ አናጢው መጥቶ በሩ ላይ መቆሙን ነው። ለልጁ «ሁለተኛ አልጠጣም» ብሎ ከማለላት ወዲህ ብቅ ብሎ አያውቅም። ጨዋታቸው ግን ናፍቆታል።

«ካልተጫወትክ መቀመጫ የለም!» አለው ከጓደኞቹ አንዱ፣ ሾፌሩ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁሉም ከሜዳው አንድ ሰው ይመርጣል፤ ያ ሰው በጀርባው ወድቆ ዳኛው ሦስት ከቆጠረበት፣ መራጩ አንድ ብርጭቆ ቢራ ይጨልጣል።

«እሺ፣ እኔ ዳኛውን» አለ አናጢው።

«አይ አንተ! ይሁንልህ» ብለው ሳቁበት።

ሾፌሩ ሁለቴ፣ ጎሚስታው አንዴ ጨለጡ። በመጨረሻ አንዱ ግዙፍ ታጋይ ስቶ ዳኛውን በክርኑ አለውና ዳኛው በጀርባው ተዘረረ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሾፌሩ አረፋው የሚፈስ ብርጭቆ አናጢው አፍንጫ ሥር ደቀነ።

«ጠጣ ወንድሜ! ዛሬ ማን ያድንሃል?»

አናጢው እጁን እንኳ አላነሳም። «መጀመሪያ ይቆጠርበታ!»

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ቆጣሪው ራሱ ተዘርሯል።

ቀድሞ የሳቀው ሾፌሩ ነበር። አናጢውን እንደ ሻምፒዮን ተሸክመው ጣሪያ አስነኩት።

አናጢው ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው ነው። ጎሚስታው «ከመጀመሪያው አስበኸው ነው?» ሊለው ዞር ሲል፣ እሱ «ልጄ ትስማ!» እያለ፣ ደረቱን ነፍቶ መንገዱን ተሻግሯል።