ከአማቴ ጋር የተቆለፈብኝ ዓርብ

አማቴን ካወቅኋቸው ስምንት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ዓርብ በፊት ግን ከሰላምታ፣ ከአየሩ ሙቀትና ከልጆቹ ጤንነት ያለፈ ነገር ተጨዋውተን አናውቅም ነበር። የአርሲ ሰው ናቸው። እኔን፣ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን ሰው፣ አንቱ ይሉኛል። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። አዳማ እኛ ቤት መጥተው እኔ ሳሎን ስገባ ብድግ ይላሉ። እሳቸው ካልተቀመጡ እኔ አልቀመጥም፤ እኔ ካልተቀመጥኩ እሳቸው አይቀመጡም፤ ባለቤቴ ከጓዳ መጥታ ሁለታችንንም እስክታስቀምጠን ድረስ ቆመን ወለሉን እናያለን። በእናቷ አገር አማች የሚከበረው እንዲህ እንደሆነ ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ያደግሁት አዳማ ቢሆንም ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ቤት የሚወዱትን ሰው አንተ ነው የሚሉት። ስለዚህ አንቱ በተባልኩ ቁጥር ሴትዮዋ ልጃቸውን በማግባቴ እስከ ዛሬ ያልተደሰቱ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት የምንሄደው አዳሚ ቱሉ ነበር። እዚያ የአማቴ ታናሽ ወንድም ይኖራሉ። ለወንድምየው ሴት ልጅ ሽማግሌ ተልኮ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እንዲመጣ ተቀጥሮ ነበር። አማቴ የቤተሰቡ ታላቅ ስለሆኑ እሳቸው ሳይገኙ ለሽማግሌ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ጠዋት በሁለት ሰዓት እኔ፣ ባለቤቴ፣ እሳቸው፣ ስድስት ዓመት የሆናት ልጃችንና ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። ባለቤቴ ቅያሪ ልብስ እንድይዝ ነግራኝ ነበር። ለአንድ ቀን ሻንጣ ምን ያደርጋል ብዬ እምቢ አልኩ።

ትንሹ ሳንጓዝ በፊት ሁለት ሳምቡሳ በልቶ የማንጎ ጭማቂ ጠጥቶበታል። ቆቃ ላይ ዓሣ አንጠልጥለው የሚሸጡትን እያየ ጭኔ ላይ ቆሞ ሲጨፍር ቆየ። መቂን እንዳለፍን ዝም አለ። እኔም ለባለቤቴ ደከመው መሰለኝ፣ ሊተኛ ነው አልኳት። አልተኛም። ሳምቡሳውንም ጭማቂውንም ሱሪዬ ላይ መለሰው። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፈተ፤ ረዳቱ ነገሩ ካለቀ በኋላ ፌስታል አቀበለኝ፤ ከኋላ አንዲት ሴት ሎሚ ላከችልኝ። አማቴ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እኔን ላለማየት ሲጠነቀቁ ዝዋይ ደረስን።

ዝዋይ ላይ ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም ተረጎመችልኝ። በዚህ ሽታ ሽማግሌ ፊት አይቀረብም ነው ያሉት። ገና አምስት ሰዓት ነበር። ታጥበን ለመሄድ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያገኘነው ፔንሲዮን ገባን። ነጭ ቆብ ያደረጉት ዘበኛ ክፍል የሚያከራዩትም እሳቸው ነበሩ። እኔን፣ ሁለቱን ሴቶችና ልጆቹን በየተራ ካዩ በኋላ ለአዳር ነው ወይስ ለሰዓት ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አማቴ ጣሪያውን አዩ።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና ውሃ የማይወርድበት ሻወር አለው። ለመታጠቢያ በጀሪካን ውሃ ተሰጠን። የክፍሉ ሶኬት ስለማይሠራ ስልኬን ዘበኛው ዘንድ ቻርጅ ላይ ተውኩት። ልጁን አጠብነው፣ እኔም ታጠብኩ። ከዚያ ባለቤቴ ሱሪዬን ለልክ እንዲሆናት በፌስታል ይዛ፣ የእናቷም ስልክ ያለበትን ቦርሳ አንግታ፣ ሌላ ሱሪ ልትገዛልኝ ወደ ገበያ ወጣች። አማቴ ለሥነ ሥርዓት ብለው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። እኔ በሸሚዜ ላይ የአልጋውን ብርድ ልብስ ከወገቤ እስከ እግሬ ጠቅልዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እንዲህ እንዳለን ትንሹ ከአልጋው ሲዘል በግንባሩ ወደቀ። ጩኸቱን ሲሰሙ አማቴ ሥርዓቱን ረስተው ሮጠው ገቡ። ግንባሩን እያሹ እፍ እፍ ሲሉለት ልጁ ዝም አለና ከእጃቸው አምልጦ ወደ በሩ ሄደ። ይህ ልጅ ቁልፍ ማዞር የቻለው እማዬ፣ አባዬ ማለት ሳይችል በፊት ነው። አዳማ ቤታችን በየበሩ ያለውን ቁልፍ ነቅለን ቁም ሣጥን አናት ላይ የምናስቀምጠው በእሱ ምክንያት ነው። በሩን ገፋው፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው፣ ነቀለው። እኔ ልነሣ ስል ብርድ ልብሱ ሊፈታብኝ ሆነ፤ ብርድ ልብሱን ልያዝ ወይስ ልጁን ብዬ ሳመነታ መስኮቱ ጋ ደርሶ ቁልፉን በፍርግርጉ ብረት መካከል ወደ ውጭ ወረወረው። ታች ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰማነው።

በፍርግርጉ አሻግረን አየን። ከመስኮቱ ሥር የማብሰያ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ቁልፉ ከእንጨት መለያው ጋር መካከሉ ላይ ተጋድሟል። ከሐይቁ የመጡ ሦስት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አጠገቡ ቆመዋል። አንደኛው ቁልፉን ጎንበስ ብሎ አየውና ተመልሶ ቀና አለ።

ዘበኛውን ተጣራሁ። አማቴም በኦሮምኛ ተጣሩ። መልስ የለም። መስኮቱ በጓሮ በኩል ነው፤ ከባዶ ግቢና ከአጥር በቀር የሚታይ ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ሲገባኝ ደነገጥኩ። ሰውዬው ጁምዓ ሄደዋል፤ የግቢውንም በር ከውጭ ቆልፈዋል። ብዙም ሳይቆይ የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ከመስጊዱ በድምፅ ማጉያ ይሰማን ጀመር። እኔ ራሴ ልሰግድ አስቤ ነበር፤ ያለ ሱሪ የት እሄዳለሁ።

አማቴ የፕላስቲኩን ወንበር ወስደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የዝዋይን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርድ ልብሱ ደግሞ ወፍራም፣ ገላ የሚያሳክክ ዓይነት ነው። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ልቀመጥ ብል ይገለጣል፤ ልቁም ብል ይወርዳል። አንድ ነገር ብዬ ዝምታውን መስበር ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ እንደምጠራቸው እንኳ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ለእሳቸው መልእክት ስልክ እንኳ በባለቤቴ በኩል ነበር። ከሁላችንም የተመቸው ትንሹ ብቻ ነበር፤ አልጋው ላይ ይዘላል።

ወሬ የጀመረችው ልጄ ናት። አያቷን እንደ እናቷ አገር አኮ ነው የምትላቸው። ወንበራቸው ሥር ተቀምጣ ስለ ትምህርት ቤቷ ነገረቻቸው፣ ስለ ጓደኛዋ የወለቀ ጥርስ ነገረቻቸው፣ ያ ሲያልቅባት ወደ ቤታችን ወሬ መጣች።

«አኮ፣ አንቺ ስትመጪ አባዬ ጮክ ብላችሁ አትሳቁ ይለናል» አለች። «ደግሞ እማዬን ማታ ማታ ‹መቼ ነው የሚሄዱት?› ይላታል።»

ብርድ ልብሱን ከወገቤ አንሥቼ ራሴን ብሸፍንበት ደስ ባለኝ። በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ብረት ነው፣ መሬቱም አይከፈትም። ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም ልል አሰብኩ፤ ግን የምትለውን በደንብ ታውቃለች። ትንሽ ቆይቶ የአማቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያለቀሱ መሰለኝ። ቀረብ ስል ነው እየሳቁ መሆኑን ያወቅሁት። ድምፅ እንዳይወጣቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «እኔም ልጄን መቼ ነው የምትሸኚኝ እላታለሁ» አሉ። «አንተ ሳሎን ስትገባ እግሬን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።»

ሁለታችንም አንተ የምትለዋን ቃል ሰማናት። እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ከዚያ ትተውት እንደገና ሳቁ።

«ተወው» አሉ። «ብርድ ልብስ አገልድሞ ያየሁትን ሰው ከእንግዲህ አንቱ ማለት አይሆንልኝም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አወራን ብል ሰው አያምነኝም። ስንጋባ እሳቸው ያዘኑት በእኔ እንዳልነበረ ነገሩኝ፤ ልጃቸው ከአርሲ ወጥታ መራቋ ነበር የከበዳቸው። ኋላም አዳማ ያን ያህል ሩቅ እንዳልሆነ አዩ። እኔም አንቱ ሲሉኝ የሚሰማኝን ነገርኳቸው። በእሳቸው ቤት አባታቸው አማታቸውን ፊት ለፊት አይተው እንደማያውቁ፣ መንገድ ላይ ከተገናኙ አንደኛው ጥሻ ይገባ እንደነበር ሲያጫውቱኝ ልጄም ትንሹም ቁጭ ብለው አዳመጡ። ሶላቱ አልቆ የድምፅ ማጉያው ዝም ሲል ግን አማቴ ሽማግሌዎቹ ትዝ አሏቸው። ተነሡ። እሳቸው ካልደረሱ ወንድማቸው መልስ እንደማይሰጥ፣ ሽማግሌ ያለ መልስ ከተመለሰ ደግሞ የልጅቷ ነገር እንደሚበላሽ አስረዱኝና አንሶላውን አምጣ አሉኝ።

አንሶላውን ጠምዝዘን ከሻሻቸው ጋር አሰርነው። ግድግዳው ላይ የነበረውን የሽቦ ልብስ መስቀያ ጫፉ ላይ አንጠለጠልን። መጀመሪያ እኔ ሞከርኩ። መንጠቆው ቆርቆሮውን ፋቀው፣ አባ ኮዳዎቹን አባረረ፣ ቁልፉ ግን ንቅንቅ አላለም። አምስተኛው ሙከራ ላይ አማቴ ከእጄ ተቀበሉኝ። በልጅነታቸው ከዚሁ ወንድማቸው ጋር ከሐይቁ ዳር ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ የሚቸኩል ሰው ዓሣ አይበላም እያሉ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው በፍርግርጉ አሾልከው ቀስ፣ ቀስ አደረጉት። መንጠቆው የቁልፉን ቀለበት ያዘ። ቁልፉ ከጣሪያው ተነሣ፣ እየተሽከረከረ ወጣ፣ የመስኮቱ ደፍ ደረሰ። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ትንሹ በደስታ አንሶላውን በሁለት እጁ አንቆ ጎተተው። ቁልፉ ተወዛወዘ፣ ግድግዳውን መታ፣ ጣሪያውን አልፎ ሲሚንቶው ግቢ ላይ ወደቀ።

አማቴ አልጋው ላይ ቁጭ አሉና በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናገሩ። ትርጉሙን ባለቤቴን ብጠይቃት እናቴ እንዲህ ያለ ቃል አታውቅም ብላ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የጠቀመን ግን ያ መውደቁ ነው። ዘበኛው ከጁምዓ በኋላ ምሳቸውን በልተው፣ ሰው ቤት ጎራ ብለው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጡ። ባለቤቴ አዲሱን ሱሪ ይዛ የተቆለፈው የግቢ በር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማለች። ስልኬን ትደውላለች፤ ስልኬ ባዶው እንግዳ መቀበያ ላይ ይጮኻል። ያለ ሱሪ የትም እንደማልሄድ ስለምታውቅ ተኝተናል ብላ ነው የታገሠችው። ዘበኛው ከመስኮት ስንጣራ ሰምተው ወደ ጓሮ ዞሩ፣ ቁልፉን ከመሬት አነሡ፣ የሰው ንብረት እንዲህ አይወረወርም እያሉ እየተቆጡ ወጥተው ከፈቱልን። ባለቤቴ ከኋላቸው ነበረች። እናቷ የተቋጠረ አንሶላ ይዘው፣ እኔ በላብ ርሼ፣ ጎን ለጎን አልጋ ላይ ተቀምጠን ስታየን አንድም ነገር አልጠየቀችም። ሱሪውን ብቻ ሰጠችኝ። ቁርጭምጭሚቴ አልደረሰም።

ባጃጅ ይዘን አዳሚ ቱሉ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አምስት ሽማግሌዎች ከግቢው ደጃፍ በከዘራቸው ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የባለቤቴ አጎት ታላቅ እህቴ ሳትመጣ ግቡ አልልም ብለው ይህን ሁሉ ሰዓት አስቁመዋቸዋል። ልጅቷ ደግሞ አክስቷ ጋብቻውን ጠልተው የቀሩ መስሏት ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ቆይታለች። አማቴ መዘግየታቸውን ሲጠየቁ መንገድ ያዘን አሉ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። መጀመሪያ ጓዳ ገብተው ልጅቷን ዓይኗን ጥረጊ አሏት፤ ከዚያ ወጥተው ሽማግሌዎቹ እንዲገቡ አዘዙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲቀመጡ ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማሁ። ይህን ያህል ያስቆመን ቤተሰብ ልጁን የሚያከብር ቤተሰብ ነው ይሉ ነበር። ባለቤቴና እኔ አልተያየንም።

መልሱ እሺ ሆነ። ዱዓ ተደረገ፣ ምግብ ቀረበ። ትንሹ ከሽማግሌዎቹ በአንዱ ጭን ላይ ተኝቶ ስለነበር ሰውዬው በግራ እጃቸው ደግፈውት ነው የበሉት። ሠርጉ ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት እዚያው አዳሚ ቱሉ እንዲሆን ተወሰነ፤ አጎትየውም ሁላችሁም ከነልጆቻችሁ ሦስት ቀን ቀድማችሁ እንድትመጡ ብለው ቃል አስገቡን።