የእንጨቱ ግመልና የወደቡ ሲሬና

ባለቤቴ ጓዟን ያሰረችው ቅዳሜ ነው። ደሴን ከለቀቅን ጀምሮ ያልተዘረጉ ብርድ ልብሶች፣ የልጆቹ ልብስ የተቋጠረበት አንሶላ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን። ሁሉንም በሩ አጠገብ ደርድራ ስትጨርስ እጇን አራገፈችና፣ «ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ደሴ የሚሄድ ካሚዮን አለ። ሾፌሩን አነጋግሬዋለሁ። ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ እኔም ጮኼ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። የተናገረችው ግን ቀስ ብላ ነው።

ዘመኑ አርባዎቹ ሊገባደዱ የተቃረቡበት ነበር። እኔ ቀድሜ አሰብ ገብቼ ወደቡ ላይ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው ቤተሰቤን ያስመጣሁት። ወንዱ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እሱ ከባሕሩ ጋር ወዲያው ተዋደደ። የአምስት ዓመቷን ሴት ልጄን ግን ሙቀቱ አልለቀቃትም። ምግብ ሲቀርብላት ትገፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ይላል ብላ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ትውላለች። ስጡኝ ብላ የምትጠይቀው አንድም ነገር የለም። እኔ ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ነበር የማየው። ልጅ ሲባል አፉን የሚከፍተው ሲጠየቅ ብቻ መሆን አለበት ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም። እናቷ ግን፣ «ጨዋ ሆነች ብለህ ደስ አይበልህ። ልጅቷ ከእጃችን እየሟሸሸች ነው» አለችኝ።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ እሑድ ብቻ ነበር።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ወደቡ ላይ የተሸካሚዎች አለቃ ነበርኩ፤ በጣሊያን አፍ «ካፖ» ይሉናል። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብን የተማርኩት ሳጥን ላይ የተጻፈውን እያየሁ፣ ያላወቅሁትን ጸሐፊዎቹን እየጠየቅሁ ነው። ሰው ሆኜ የቆምኩት በሥርዓት ነው ብዬ ስለማምን ሰዎቼን በሥርዓት እይዛቸዋለሁ። የወደቡ ሥርዓት ደግሞ ሲሬና ነው። መርከብ ሲገባ ሲሬናው ይጮኻል፤ በሩ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይገባል፣ የዘገየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሑድ ነው፣ በዓል ነው የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አሰብ ውስጥ ሲሬና ሲጮህ የሚቀመጥ ወንድ አልነበረም። የሚበላው ጉርሻውን እንደያዘ ይነሣል፤ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ የተቀመጠው ግማሽ ፊቱ በሳሙና እንደተለቀለቀ ይሮጣል።

በዚያ ሳምንት ከምጽዋ በመጣች መርከብ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን የተፈታታ እንጨትና ብረት ይዞ ገብቶ ነበር። ያራገፍነው እኛው ነን። ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ቀለም የተቀባ የግመል ጭንቅላት ብቅ ብሎ ቢያየኝ፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለመጫወቻ ነው?» ብዬ ሰዎቼ ፊት አፌዝኩ። ሽማግሌው ግን ቅር አላለውም። «ሉና ፓርክ፣ ካፖ! ሉና ፓርክ! ልጆች አምጣ!» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሦስት ቀን በማይሞላ ጊዜ ባሕሩ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ገጣጥሞ አቆመው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ያለኝን ሱፍ ለበስኩና፣ «ልጆቹን አልብሻቸው፤ እንወጣለን» አልኳት።

«ወዴት?»

«ሉና ፓርክ።»

ባለቤቴ ጥርሷ እስኪታይ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «አንተ? አንተ ነህ የምትወስዳቸው?» አለች። ሆኖም አለበሰቻቸው፤ ነጠላዋንም አጣፍታ አብራን ወጣች።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ለዘብ ብላለች፤ የባሕሩ ነፋስ ተነሥቷል። የአሰብ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር ማለት እችላለሁ። የመንግሥት ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸው፣ ባለሱቆች ከነልጆቻቸው፣ ሽርጣቸውን ያገለደሙ የአፋር ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው። አንድ የመናዊ በበረዶ የቀዘቀዘ ሸርበት ይሸጣል። በአንድ በኩል ገመዱ የተቀባ ዥዋዥዌ፣ በሌላ በኩል በኳስ የሚመታ የጣሳ ክምር አለ። መሀል ላይ ደግሞ ያ የሚዞረው ነገር ቆሟል፤ ክብ የእንጨት ወለል፣ በላዩ በብረት ዘንግ የተሰኩ ፈረሶች፣ በፈረሶቹ መካከል አንድ ግመል። ሞተር የለውም። ከወለሉ ሥር ወፍራም አግዳሚ እንጨቶች ወጥተዋል፤ ሽማግሌው እሑድን ሥራ የፈቱ አራት ተሸካሚዎች ቀጥሮ በእነሱ ሊያስገፋው ነው። አራቱም የእኔ ሰዎች ናቸው።

አንደኛው ሲያየኝ፣ «ኧረ ካፖ መጣ! ቆሻሻ እጅህን ደብቅ፣ ዛሬም ሊቆጣን ነው!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ።

«ዛሬ የናንተ አለቃ ጣሊያኑ ነው» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ወላሂ እሱ ይሻላል፤ እየሳቀ ነው የሚያሠራን!»

ልመልስለት ስል ሱሪዬ ተጎተተ። ልጄ ናት። ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ «አባባ፣ ግመሉ ላይ ያውጡኝ» አለችኝ።

አሰብ ከገባች የመጀመሪያ ልመናዋ ነበር። ወደ ባለቤቴ ብዞር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ልጅቷን ታያለች። እኔ በዚያች ሰዓት ልቤ እንደ ልጅ ልብ ሲዘል ተሰማኝ፤ ለሰው እንዳይታይብኝ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጅቷን አንሥቼ ግመሉ ላይ አስቀመጥኳት፤ ወንድሟ ከፊቷ ያለውን ጥቁር ፈረስ ያዘ። ሌሎችም ልጆች ተሳፈሩ። አራቱ ሰዎች አግዳሚውን ጨበጡ። ሽማግሌው መጀመሩን ሊያበስር ከአንድ ሸራ ሥር በእጅ የሚዞር መሣሪያ አወጣና መዘወሩን በኃይል አሽከረከረው።

ሲሬና ነበር። ከአሮጌ መርከብ ላይ የተነቀለ፣ እውነተኛ ሲሬና።

አስመራ ላይ ቢያስጮኸው ሰው ያጨበጭብ ይሆናል። አሰብ ላይ ግን ሜዳው እንዳለ ተነሣ። አራቱ ገፊዎች አግዳሚውን ለቀው ወደ ወደቡ ተፈተለኩ። ከተመልካቹ መሀል ያሉት ወንዶች ተከተሏቸው። ሸርበት የሚጠጣው ብርጭቆውን እንደያዘ ሮጠ፤ የመናዊው፣ «ያ አኺ! ብርጭቆዬን!» እያለ ከኋላው። አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ሲሮጥ ልጁ በደስታ ይጮኻል። እኔስ? ልደብቅ አልፈልግም፤ እግሬ ከሐሳቤ ቀደመ። ወንዱ ልጄ ከፈረሱ ላይ ሆኖ፣ «አባባ! መርከብ የለም! ባሕሩን ይዩት!» ብሎ ሲጣራ ነው የቆምኩት። ባሕሩን አየሁ፤ ባዶ ነው።

ሽማግሌው ጸጉሩን ይዞ፣ «ማማ ሚያ! ሰው የት ሄደ? ምን አደረግሁ?» ይላል። ፈረሶቹ ላይ የተቀመጡት ልጆች ዙሪያቸውን ያያሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ማልቀስ ጀመሩ። ፀሐይዋ ከኋላችን ካሉት ተራሮች ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል፤ ሽማግሌው ደግሞ መብራት የለውም። ወደቡ ሩቅ ነው፤ ሰዎቹ በሩ ላይ ደርሰው፣ ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቀው፣ እስኪመለሱ ይመሻል። ልጄ የግመሉን አንገት አቅፋ ታየኛለች። አታለቅስም። ፊቷ ግን ያንኑ የሲሚንቶውን ወለል ፊት መሆን ጀምሮ ነበር።

ባለቤቴ፣ «በቃ፣ አውርዳትና እንሂድ» አለችኝ። ድምፁ ያው ነው፣ ጓዙን ስታስር የተናገረችበት።

ኮፍያዬን አውልቄ ሰጠኋትና ጎንበስ ብዬ ከአንዱ አግዳሚ ኋላ ቆምኩ።

አራት ሰው የሚገፋውን አንድ ሰው አያንቀሳቅሰውም። ግን የሸክም ነገር አውቃለሁ፤ ከባድ ነገር የሚፈልገው የመጀመሪያዋን ስንዝር ነው። ትከሻዬን አግዳሚው ላይ አስደግፌ፣ ተረከዜን አሸዋው ውስጥ ተክዬ፣ እንደ ወደቡ ዜማ «ሄ-ላ! ሄ-ላ!» ማለት ጀመርኩ። ሽማግሌውም እያለከለከ በወዲያ በኩል ያለውን አግዳሚ ያዘ። ብረቱ አቃሰተ። ስንዝር ሄደ። ሌላ ስንዝር። ከዚያ በራሱ መዞር ጀመረ፤ እኛም መራመድ፣ ከዚያም መሮጥ።

እኔ ከወለሉ ጋር አብሬ ስለምዞር የልጄ እግር ከፊቴ አይጠፋም ነበር። መጀመሪያ ሁለቱ እግሮቿ ግጥም ብለው ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ላላ አሉ። ቀጥሎ ግመሉን በተረከዟ መኮልኮል ጀመረች፤ አንዱ ጫማዋ ወልቆ ግንባሬን መታኝ። ከዚያም ከላይ ድምፅ መጣ፤ «አባባ! ጨምር! ጨምር እንጂ! ፈረሱ ሊቀድመኝ ነው!»

ወንድሟ፣ «አባባን እንደዚያ አይባልም!» ብሎ ቢገሥጻትም እሱም ወዲያው፣ «አዎ ጨምር!» አለ።

ጨመርኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ሱፌ ላይ የብረቱ ቅባት ይንጠባጠባል። ሰማይ፣ ባሕር፣ የሴቶች ነጠላ፣ እንደገና ባሕር በአጠገቤ ይሮጣሉ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሣቅ ሰማሁ። የማን ነው ብዬ ሳዳምጥ የራሴ ነው።

ሰዎቼ ተመለሱ። አቧራ ለብሰው፣ አፍረው፣ እርስ በርስ እየተሰዳደቡ፤ ሲያዩኝ ግን ሐፍረታቸው ጠፋ።

«ካፖ! መርከቧ ምን ጭናለች?»

«አንድ ግመልና አንዲት እመቤት!» አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ታዲያ ቀስ በል፣ ዕቃ ሰባሪ! እኛን የምትለን ይህንኑ አይደል?»

ቦታቸውን እንድለቅላቸው ጠየቁኝ፤ እንቢ አልኩ። አብረን ገፋን። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ገፋን።

ቤት እንደገባን ልጅቷ ሳህኗን ጨርሳ ጨምሩልኝ አለች። ባለቤቴ ጨመረችላት። ጓዙ በሩ አጠገብ እንደተደረደረ ነው። እኔም አልለመንኩም፤ መለመን አላውቅበትም።

ጎህ ሲቀድ የካሚዮኑ ጥሩንባ በራፋችን ላይ ጮኸ። ባለቤቴ ወጣች። ተኝቼ አዳመጥኩ። «ወንድሜ፣ ለእናቴ ይህን የደረቀ ዓሣ አድርስልኝ፤ ደኅና ናቸው በላት» ስትል ሰማሁ። ካሚዮኑ ሄደ። ስትመለስ ሱፌን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

«ይህን ቅባት እንዲህ ትቼልህ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ከዚያም የቆርቆሮውን ሳጥን ከፍታ ሳሙና አወጣች።

ልጅን ማጫወት ያበላሸዋል የሚል ሰው ዛሬም ይገጥመኛል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን የምለው ሌላ ነው፤ የሚፈራህን ልጅ ማዘዝ ትችላለህ፣ ግን ምን እንደጎደለው አይነግርህም። ሥርዓቱን አልተውኩም። ብቻ ከሥርዓቱ ቀድሞ የሚመጣ ነገር እንዳለ ትከሻዬ እስኪያብጥ ተምሬአለሁ።

ቁርሴን ሳልጨርስ ሲሬና ጮኸ። ይኼኛው የወደቡ ነው፤ መርከብ ገብቷል። ጉርሻዬን እንደያዝኩ ብድግ ስል ልጄ አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ ሌላውን በእጇ ይዛ እየሮጠች ከጓዳ ወጣች።

«አባባ፣ ፈጠን በል! ግመሉ እየጠራን ነው!»