ቁንጫ ያስመጣቻቸው ሞተሮች

ሰፈሩ ሁሉ «ቁንጫ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሳለች ከአልጋ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ መስኮት ስትዘል አይቶ። ዛሬ አርባዎቹን ጀምራ፣ ትዳር ይዛ፣ በአንድ የሞተር ሳይክል መሸጫ ሱቅ የመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ ሆናም ስሙ አልለቀቃትም። ደንበኛው ዕቃ እስኪመርጥ ጣቶቿ ባንኮኒውን ይደበድባሉ። ስልክ ስታወራ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ትመላለሳለች። ቤቷ ገብታ ሻይ ብትቀዳ ግማሹን ቆማ ትጠጣና የቀረውን የሆነ ቦታ ረስታው ሌላ ነገር ትጀምራለች። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ምላጭ ሲይዝ እጁ ንቅንቅ የማይል ሰው። «እኔና አንቺን ያገናኘን አምላክ ሚዛን ሊያስተካክል ብሎ ነው» ይላታል።

እንዲህ ያለችው ሴት ጸጥ የምትለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፦ ሞተር ላይ ቆማ፣ ቋጥኝ ጫፍ ላይ።

ስፖርቱን ትሪያል ይሉታል። የሞተር ውድድር ነው፤ ግን ማን ቀድሞ ደረሰ የሚባል ነገር የለበትም። ሞተረኛው በድንጋይ፣ በወደቀ ግንድ፣ በተናደ አፈር ላይ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ ዳኛው የሚይዝበት እግሩ መሬት የነካበትን ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ መቀመጫ የለውም፤ የሚነዳው ቆሞ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ማን ወደ ስፖርት እንደለወጠው እንጃ፤ ቁንጫ ግን በሃያ ዓመቷ የወንድሟ ሞተር ላይ ከወጣች ወዲህ አልወረደችም። የፊት ጎማዋ ቋጥኙ ላይ ሲያርፍ፣ ሞተሩ ከሥሯ ሲያጉረመርም፣ በሁለት ጣቷ ፍሪሲዮኑን ይዛ ትንፋሿን ስትውጥ፣ ያ ከልጅነቷ ጀምሮ ውስጧን የሚያርመሰምሰው ነገር ቀጥ ይላል። ከድንጋዩ ስትወርድ ደግሞ እንደገና ይጀምራታል።

ክለባቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበው ከከተማው ዳር፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ወንድሟ ነው። ድሮ ካባው በሞተር ድምፅ ይናወጥ ነበር አሉ። አሁን ግን አንዱ ጉልበቱን ታሞ፣ አንዱ ልጁ ዘንድ ሌላ ከተማ ገብቶ፣ አንዱ ሞቶ፣ ሰባት ብቻ ቀርተዋል፤ ከሰባቱ «ልጅቷ» የምትባለው እሷ ናት። ወጣቶች አልፎ አልፎ ካባው አፋፍ ላይ ቆመው ይመለከታሉ። አፋቸውን ከፍተው ይመለከቱና አንዱ ቁልቁል ይጮሃል፦ «ስንት ያወጣል?» ዋጋው ሲነገረው ያፏጫል። «በሱማ ቤት እሠራበታለሁ እንጂ አልወድቅበትም!» ብሎ ይሄዳል። ሌሎቹም ተከትለውት ይሄዳሉ።

ይህ ነገር ቁንጫን እንቅልፍ ነሳት። መለዋወጫ እያወጣች፣ ደረሰኝ እየቆረጠች፣ ባሏ ሲያወራላት «እህ» እያለች የምታስበው እሱን ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሱቁ ዕቃ ከሚያዝበት ፋብሪካ በመጣ ካታሎግ ውስጥ አየችው፦ ለጀማሪ የተሠራ የትሪያል ሞተር። ሻምፒዮኖች የሚነዱት ዓይነት አይደለም፤ ከበድ ይላል፣ ጌጥ የለውም፣ ሞተሩ ተራ ነው። ዋጋው ግን ዕቃ አድራሾች ከሚነዱት ሞተር ብዙም አይበልጥም። ገጹን ቀድዳ ወደ ባለሱቁ ቢሮ ሮጠች።

ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«መቀመጫው የታለ?»

«የለውም።»

«ዕቃ ይጭናል?»

«አይጭንም።»

«ሰውስ?»

«አንድ። እሱም ቆሞ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ልጄ፣ ሰው ሞተር የሚገዛው እግሩን ሊያሳርፍ ነው። አንቺ እግር የሚያደክም ሞተር አምጡ ትይኛለሽ!»

«ዋጋውን ይዩልኝ እንጂ። ሰው የሚርቀው ጠልቶት አይደለም፣ ስለማይደርስበት ነው።»

«ካልተሸጠስ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ደግ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቁንጫ ግን ስታፈስም ስትለቅምም አታስተውልም። «አራት ብቻ ያስመጡ። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከአራቱ አንዷ እንኳ ሳትሸጥ ከቀረች የራሴን ሞተር ይውሰዱ» አለች። የራሷ ሞተር ከወንድሟ ቀጥሎ የምትወደው ነገር ነው፤ አንዳንድ ቀን ከወንድሟም ይቀድማል። ባለሱቁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ቃልሽ ነው?» አሏት። «ቃሌ ነው።»

ሞተሮቹ መጡ። ወንድሟ ካባው ውስጥ እየዞረ አያቸው፤ አንዷን ከፊት አንስቶ ለቀቃት። «ይቺ ድንጋይ ላይ አትዘልም።»

«ጋሼ፣ የጀማሪ እኮ ናት። ጀማሪ የት ሊዘል ነው?»

«ስሚኝ። ጀማሪ የጠፋው በዋጋ አይደለም። የዛሬ ሰው ቀስ ማለት አይፈልግም። በነፃ ብትሰጪውም አይመጣም።»

«ወንበሩን ደብቀህ እንግዳ ጠፋ ትላለህ!» አለችው።

የሙከራ ቀን ብላ አወጀች። ወረቀት ለጠፈች፣ ለደንበኛው ሁሉ ነገረች። በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት አፋፉ በሰው ተሞላ። ቁንጫ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ስትሯሯጥ የመጀመሪያው ሞካሪ መጣ፤ ዕቃ አድራሽ ነው፣ ቀጭን፣ ጃኬቱ ላይ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት። ሞተሯን አስነሳ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ትንሿ ድንጋይ ላይ ሲደርስ እግሩን አወረደ።

«እግርህን! እግርህን አታውርድ!»

ደገመው። አሁንም አወረደ።

«እግርህን አላልኩህም? ግራውን እይ! ግራውን አልኩህ፣ ፍሪሲዮኑን! ኧረ ምን ጆሮ ነው!»

ሰውየው ሞተሯን አቁሞ ሄልሜቱን አውልቆ ለእሷ መለሰላት። «እኔ ስድብ ከፈለግኩ አለቃዬ በነፃ ይሰድበኛል» ብሎ ሄደ። ከሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ። አንዷ ልጅ ሁለተኛ ሳትሞክር ወረደች። ፀሐይ ስትበረታ አፋፉ እየሳሳ ሄደ። ወንድሟ ክንዱን አጣጥፎ የሚሄዱትን ይቆጥር ጀመር።

ባሏ ምሳዋን ይዞ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ተመለከተ።

«ውዴ፣ አንቺ እኮ ሰው እያስተማርሽ አይደለም። እያባረርሽ ነው።»

«ዝም በል አንተ ደግሞ! የማያዳምጡ ከሆነ ምን ላድርግ?»

«እኔ ወንበሬ ላይ የመጣውን ሁሉ ‘አትንቀሳቀስ’ እያልኩ ብጮህ ስንት ጆሮ በቆረጥኩ ነበር።» ምሳውን አስቀመጠና ተነሳ። «በይ አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ።»

ቁንጫ ሳቀች። ይህ ሰው በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሄልሜቱ ጉንጮቹን ወደ ዓይኖቹ ገፍቶ ገባለት። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ሞተሯ ጠፋችበት። ሁለተኛው ላይ ከነሞተሯ ጭቃ ውስጥ በጎኑ ተኛ፤ አፋፍ ላይ የቀሩት ሳቁ፣ እሱም ተኝቶ ሳቀ። ቁንጫ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከኋላ ሄዳ ሞተሯን ያዘችለትና በቀስታ «ጉልበትህን ፈታ አድርግ» አለችው። እንዲህ ባለ ድምፅ ከማንም ጋር ካባ ውስጥ አውርታ አታውቅም። በሦስተኛው፣ የተጋደመው ግንድ ጋ ደረሰ፤ የፊት ጎማው ወጣ፣ ሆዱ ተወዛወዘ፣ ለጥቂት ቆመ፣ የኋላው ጎማ ተከተለ። እግሩ መሬት አልነካም።

አፋፉ በጭብጨባ ተናጋ። የክለቡ ነባሮች ሲዘሉ ያይ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ያየው ቦርጫም ፀጉር አስተካካይ ነው። ከላይ አንዲት ሴት በሥራ ጫማዋ እየተንሸራተተች ወረደች። በልብስ ንጽሕና ቤት በካውያ ልብስ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት።

«እሱ ከቻለ እኔ ምን ያንሰኛል? ቆሞ መዋል እንደሆነ ደሞዝ ይከፈለኝበታል!»

ከሷ ቀጥሎ አንድ ባለታክሲ ከሴት ልጁ ጋር ወረደ። «የኔ ወገብ ተቀምጦ ነው ያለቀው፤ ቆሞ የሚነዳ ነገር ካለ ልየው» አለ። ሲመሽ ቁንጫ ድምፅዋ ዘግቶ ነበር፤ ግን በጩኸት ሳይሆን በሳቅ።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ የሠራው ባሏ ነው። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ያንን ግንድ ያወራል፤ ግንዱም በየሳምንቱ እየወፈረ ሄደ። ልብስ ተኳሿ የመጀመሪያዋን ሞተር ገዛች። ሁለተኛዋን ባለታክሲውና ልጁ። ሦስተኛዋን ሦስት ዕቃ አድራሾች አዋጥተው በተራ ይነዷት ጀመር፤ ከነሱ አንዱ ያ ጃኬት ለባሹ ነው። ቁንጫ ሲመጣ ስታየው ፊቷ ቀላ፤ ቀጥ ብላ ሄዳ «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አለችው። «እኔም አላዳመጥኩም» አላት፤ ተጨባበጡ።

ወንድሟ ግን አኮረፈ። አዳዲሶቹ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ሲወድቁ ፎቶ ይነሳሉ። «ይሄ ክለብ ነው ወይስ ሰርግ ቤት?» ብሎ ሞተሩን ጭኖ ሄደ። ለሳምንታት አልተመለሰም። ቁንጫ ስልክ ትደውላለች፣ አያነሳም፤ ቤቱ ትሄዳለች፣ ተኝቷል ይሏታል። በመጨረሻ የወንድሟ ሚስት ናት ያስመለሰችው፦ «ወይ ካባህ ሂድ፣ ወይ ግድግዳውን ቀባልኝ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አትተንፍስብኝ!» አንድ ቅዳሜ መጣ። ማንንም ሰላም ሳይል ዲጂኖውን አንስቶ፣ ለጀማሪ የማይሆነውን መታጠፊያ ድንጋይ እየፈነቀለ ያሰፋው ጀመር። ባለታክሲው ሊያግዘው ጎንበስ አለ።

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አራተኛዋ ሞተር ሱቁ መስኮት ውስጥ እንደቆመች ነበረች። ባለሱቁ ቁንጫን አስጠሯት። «ሦስት መሸጥሽ ተአምር ነው፤ ግን ቃል ቃል ነው» አሏት። ልትለምናቸው ትችል ነበር፤ ሽማግሌው ሩኅሩኅ ናቸው። ምላሷ ላይ መጣና ዋጠችው። «አራተኛዋን ግን ለኔ ይስጡኝ» አለች። ተስማሙ። አሮጌዋ ሞተሯ በፒክአፕ ስትጫን ጓሮው ውስጥ ቆማ አየች፤ ገመዱ የላላ መስሏት ራሷ ሄዳ አጠበቀችው። ቤቷ ገብታ ሳህኖቹን ሁሉ አጠበች፣ የታጠቡትን ደግማ አጠበች። ባሏ አልከለከላትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ በአራተኛዋ ሞተር ወደ ትልቁ ቋጥኝ ሄደች፤ በአሮጌዋ ሞተሯ ዓይኗን ጨፍና የምትወጣው ቋጥኝ ነው። ግማሹ ላይ ስትደርስ ሞተሯ አቃሰተችና ወደ ኋላ ጣለቻት። ተነሳች። እንደገና ጣለቻት። ቀጥ ብላ ልብሷን ስታራግፍ ከታች ተኳሿ ትመለከታታለች።

«እትዬ፣ ቸኮልሽ እኮ» አለቻት ተኳሿ፤ ራሷ ያስተማረቻት ሴት!

ቁንጫ ልትቆጣ ነበር። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ቋጥኙን ያን ቀን አልወጣችውም። ከወር በኋላም አልወጣችውም። ግን ሞተሯ ምን ላይ እንደምትደክም፣ ምን ላይ እንደምትታገስ አወቀች፤ ለጀማሪዎቹም ስታስረዳ አንደበቷ ተፈታ፤ እነሱ የሚወድቁበት ላይ እሷም እየወደቀች ነዋ።

ባለታክሲው ውሎ አድሮ ተወው፤ ወገቡ እንደተመኘው አልዳነም። ልጁ ግን ቅዳሜ አያመልጣትም። ከዕቃ አድራሾቹ አንዱ ድርሻውን ለጓደኛው ለቀቀ። ባለሱቁ ሁለት ሌሎች ሞተሮች አዝዘዋል፤ ለምን ሁለት ብቻ ብላ ትጨቀጭቃቸዋለች። እህትና ወንድም አሁንም ይከራከራሉ። እሱ «ሰውን ያመጣው ባልሽ ነው እንጂ ዋጋው አይደለም» ይላል፤ እሷ «ሞተሯ ውድ ብትሆን ባሌ ምን ላይ ይወድቅ ነበር?» ትለዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ሲከራከሩ ካባው በር ላይ አንዲት የማያውቋት ሴት ቆመች። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ያ ቆሞ የሚነዳው ሞተር እዚህ ነው?»

ወንድሟ የሴትዮዋን ጫማ አይቶ ጭንቅላቱን ሊነቀንቅ ሲል ቁንጫ ቀድማው «እዚህ ነው፣ ግቢ» አለችና የእግሯን ልክ እየጠየቀች ቦት ጫማ ፍለጋ ሮጠች።